እናትዎን ፍልውሃ ወስደዋቸው ያውቃሉ?

እናትዎ ከአገር ቤት ሲመጡ የት ይወስዷቸዋል? የብዙዎቻችን መልስ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ለቅሶ ያልደረሱበት ዘመድ ቤት፣ ቀን ከተረፈ መርካቶ ለነጠላና ለጫማ። አሁን አሁን ደግሞ አንድነት ፓርክ ተጨምሯል። ሳምንቱ ያልቃል፣ እናትም «አገሬ ግቡኝ» ይላሉ፣ እኛም አውቶቡስ ተራ ሸኝተን እንመለሳለን።

እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እናቴ የምትኖረው ደቡብ ወሎ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቅ ከተማንና የእስጢፋኖስን ገዳም የሚያውቅ ሰው ሁሉ አርዲቦን አያውቀውም። አርዲቦ ከታላቅ ወንድሙ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ በተራሮች መሐል የተቀመጠ ውሃ ነው። ሞልቶ ሲተርፈው በአንካርካ ወንዝ አድርጎ ቁልቁል ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል። እንግዲህ እናቴ በውሃ መሐል ተወልዳ በውሃ መሐል ያረጀች ሴት ናት ማለት ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ጎህ ሲቀድ ለሶላት ውዱእ የምታደርግበት ውሃ ጣት ያደነዝዛል። ገላ መታጠብ የሚቻለው ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ከሴቶች ጋር ወንዝ ወርዶ ነው። ማታ ማታ እግር በሳፋ ይታጠባል። ሙቅ ውሃ ማለት እንጨት ማለት ነው፤ እንጨት ደግሞ ጀርባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ስጠይቃት መላ ገላዋን በሙቅ ውሃ የታጠበችው አራስ ሆና ሰው ሲያጥባት ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የወለደችው ስድስት ነው።

አዲስ አበባ ስትመጣስ? እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም ቤት ብዙ አልተሻላትም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ሌሊት በርሜሉንና ጀሪካኑን እንሞላለን። የመታጠቢያ ቤቱ ማሞቂያ የሚሠራው ውሃና መብራት ተስማምተው በአንድ ቀን ሲመጡ ነው። እናቴን የማሳጥባት በማንቆርቆሪያ አፍልቼ በባልዲ እየቀላቀልኩ፣ በጆግ እየቀዳሁ ነበር። እሷም «ይበቃል፣ ውሃውን አትጨርሺው» እያለች ሳትጠግብ ትወጣለች። እርስዎም ቤት እንዲህ ከሆነ አይፈሩ፣ ብዙ ነን።

በመጨረሻ የመጣች ጊዜ ግን ጉልበቷ ጠንቶባት ነበር። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ መድከም ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘላትና «በሙቅ ውሃ ዘፍዝፏት» አለ። በምን ገንዳ? በየትኛው ውሃ? ይህን ጊዜ ነው ፍልውሃ ትዝ ያለኝ። አሥራ አምስት ዓመት አዲስ አበባ ስኖር በበሩ አልፌ እንጂ ገብቼበት አላውቅም ነበር።

ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ሰው ፊት ልብሴን ላወልቅ? በዚህ ዕድሜዬ? ኧረ በአላህ ተይኝ!» አለች። እርስዎም ለእናትዎ ሲነግሯቸው ይህንኑ ሳይሉ አይቀሩምና መልሱን አስቀድመው ይያዙ። ፍልውሃ በፊልም እንደምናየው የቱርክ ሐማም ሰው በጋራ የሚቀመጥበት አይደለም። ሰው ትኬቱን ቆርጦ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ለብቻው ክፍል ይገባና በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ገንዳው የእርስዎ፣ ውሃው የእርስዎ፣ ጊዜውም እስኪያልቅ የእርስዎ ነው። እናቴ ይህን ሦስት ጊዜ አስደጋግማኝ «መቀርቀሪያው ይጠብቃል?» ብላ ከጠየቀች በኋላ ነው የተነሣችው።

ከተማዋን የወለደ ውሃ

ቦታው ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቅ፣ ሸራተን አዲስ ካለበት ኮረብታ ሥር ነው። እናቴ ከታክሲ ስትወርድ ዙሪያውን አይታ «ፍል ውሃ ከተማ መሐል ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ተገልብጦ ነው እንጂ ትክክል ነበር። ፍልውሃ አይደለም ከተማው መሐል የገባው፤ ከተማው ነው ፍልውሃን ከቦ የበቀለው።

ታሪኩን ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ ግን ቦታው ላይ ቆመው ሲያስቡት ሌላ ነው። የጉለሌ ኦሮሞዎች አካባቢውን ፊንፊኔ ይሉት ነበር፤ ፍል ውሃውንም ቤተ መንግሥት ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቁታል። ያኔ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው፣ መቀመጫቸውም እንጦጦ ነው። እንጦጦን በክረምት የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ ማገዶውም እያለቀ ነበር። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ወደ ፍል ውሃው ወርደው፣ ድንኳን ተክለው፣ ገላቸውን እየታጠቡ ይሰነብቱ ጀመር። በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ቦታውን ወደዱት፤ ከፍል ውሃው ከፍ ብሎ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ቤቱ የተጀመረው በ1879 ዓ.ም፣ ምኒልክ ሐረር ዘምተው በነበሩበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የሚለውንም ስም ያወጡት ጣይቱ ናቸው። ከዚያ መኳንንቱ በየኮረብታው ሰፈር ሠሩ፣ ወታደሩ ተከተለ፣ ገበያው ተከተለ።

እንግዲህ ወንዝ ወይም ወደብ ሳይሆን የገላ መታጠቢያ ፈልገው ወርደው የቆረቆሯት ዋና ከተማ ናት ያለችን። ይህንን ለእናቴ ስነግራት ያስደነቃት ሌላ ነገር ነው። «ስለዚህ ንግሥቲቱም ብርድ ሰልችቷት ነው በይኛ» አለች።

ውሃው ለምን እንደሚሞቅም ጠይቃኝ ነበር። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናት። ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፍ፣ ጂኦሎጂስቶችም «የፍልውሃ ስንጥቅ» ብለው የሚጠሩት የመሬት መሰበር አለ። ከፍ ካለው አገር ወደ መሬት የሰረገ ዝናብ ጥልቅ ወርዶ ይሞቅና በዚህ ስንጥቅ በኩል ሽቅብ ይመለሳል። ዛሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከተቆፈሩ ጉድጓዶች እየተሳበ ነው። በአቅራቢያው ያለው የሒልተን መዋኛ ሙቀትም ከዚሁ የምድር ውሃ ነው። የእርስዎ እናት የሚታጠቡበትና የሒልተን እንግዳ የሚዋኝበት ውሃ ዘመድ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የመግቢያው ዋጋ ነው።

ተራ ጥበቃ

እኛ የሄድነው ረቡዕ ጠዋት ነው፣ ሆን ብለን። ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ዋዜማ መሄድ የሚፈልግ ሰው ትዕግሥቱን በፌስታል ይዞ ይሂድ። የመታጠቢያዎቹ ደረጃ ይለያያል፤ ሻወር አለ፣ ገንዳ አለ፣ ሳውናና ማሳጅም አለ። ዋጋው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፈውም፤ መስኮቱ ላይ ይጠይቁ። ለእናትዎ ግን ገንዳ ያለውን ይምረጡ።

አግዳሚው ላይ አጠገባችን የተቀመጡትን ሰዎች ልብ ብዬ አየሁ። የሌሊት ጥበቃ አድሮ የመጣ፣ ካፖርቱን ያላወለቀ ሰው አለ። ፀጉሩ ውስጥ ሲሚንቶ ያለበት ልጅ አለ፤ ንጹሕ ሸሚዝ አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ምርኩዝ የያዙ አባት ከልጃቸው ጋር መጥተዋል። አንዲት ወጣት የአምስት ወይም የስድስት ወር ሕፃን ታቅፋ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ቁጥሯ እስኪጠራ ታባብላለች። እናቴ እንደ ልማዷ ወዲያው ጠየቀቻት። ልጅቷ የምትኖረው ግቢው ውስጥ አንድ ቧንቧ ለስድስት ቤተሰብ በሆነበት የኪራይ ቤት ነው። «በወር አንዴ ለራሴ እመጣለሁ። ቤት ስታጠብ በሩን የሚያንኳኳ አይጠፋም» አለቻት።

ይህችን ንግግሯን እስካሁን አስባታለሁ። ብዙዎቻችን ፍልውሃን የምናስበው ወይ እንደ መዝናኛ ወይ እንደ ሕክምና ነው። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ግን አብዛኛው የመጣው ቤቱ የሌለውን ነገር ፈልጎ ነው፤ የማያልቅ ሙቅ ውሃና ማንም የማያንኳኳው በር። ይህ በሌላውም ዓለም የታየ ነገር ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ 18,000 የሚጠጉ የሰፈር መታጠቢያ ቤቶች ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገንዳ ሲኖረው ሕዝቡ ቀረ፤ ዛሬ ከ2,000 በታች ናቸው። በቡዳፔስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተው የሴቼኒ ፍል ውሃ ዛሬ በአብዛኛው የቱሪስት መናኸሪያ ሆኗል። የእኛው ፍልውሃ ገና ሥራ ላይ ነው። ሰልፉ እንዲያጥር ብንመኝ ጥሩ ነው፤ ግን በምን ምክንያት እንዲያጥር እንደምንመኝ ማወቅም ጥሩ ነው። እዚያ አግዳሚ ላይ ያሉት ሰዎች ቤታቸው ውሃ ገብቶላቸው ቢቀሩ ደስ ይለኛል። ዋጋው አስወጥቷቸው ቢቀሩ ግን የት ይሄዳሉ?

በሩ ከተቀረቀረ በኋላ

ቁጥራችን ሲጠራ አስተናጋጇን እናቴን ደግፌ አብሬ እንድገባ ጠየቅኋት፤ ዕድሜዋን አይታ ፈቀደች። ገንዳው ታጥቦ እስኪያልቅ በሩ ላይ ጠበቅን። ይህን እናቴ ቆማ እያየች አረጋገጠች፤ እርስዎም ያረጋግጡ፣ ነውር የለውም።

ፍል ውሃው ብቻውን ሲለቀቅ ያቃጥላልና መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ይክፈቱ። እናቴ ልክ ሕፃን እንደምታጥብ በክርኗ ለካችው። ገንዳው ግማሽ ሲደርስ ግን «ዝጊው!» አለችኝ።

«እማ፣ ይሞላል እኮ።»

«ይኼን ሁሉ ውሃ ለማፍላት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚፈጅ ታውቂያለሽ? አራት! አራት ሸክም ለአንድ አሮጊት!»

እንጨት እንደማይነድበት፣ ምድር ራሷ እንዳፈላችው ደግሜ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያማ ሙዪው» ብላ ገባች።

ለአንድ አፍታ ምንም አልተናገረችም። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ነበረች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ ሳሙናውን ይዤ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእናቴን ጀርባ አይቼ አላውቅም። አገር ቤት እናት በልጇ ፊት አትገለጥም፤ እዚህም በባልዲ ስትታጠብ በሩን በከፊል ዘግታ ነው። የእንስራው ገመድ የዋለባቸው ትከሻዎቿ ላይ ቆዳው ጠቁሮና ጠንክሮ ሁለት መስመር ሠርቷል። እንስራ ትሸከም እንደነበር አውቃለሁ፤ ከኋላዋ እየተከተልኩ ነው ያደግሁት። ያ ውሃ እንዲህ አድርጎ እንደጻፈባት ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ውሃ ጠጥቼ፣ ታጥቤ፣ ተምሬ ነው አዲስ አበባ የመጣሁት።

ጀርባዋን ቀስ እያልኩ አሸሁላት። ማልቀሴን ያወቀችው በምን እንደሆነ እንጃ። ሳትዞር «አብሽሪ ልጄ፣ አያመኝም» አለች። ከዚያ ደግሞ ጊዜያችን ሳያልቅ «ነይ ዙሪ፣ አንቺንም ልሽሽ» ብላ እጄን ያዘች። የአርባ ዓመት ሴት ነኝ፤ ዞርኩ።

ሳይረሱ

እናትዎን ወይም አባትዎን ከመውሰድዎ በፊት አንዳንድ ነገር ይወቁ። ሙቅ ውሃ ጡንቻን ያፍታታል፣ የመገጣጠሚያን ሕመም ለጊዜው ያስታግሣል፤ የተበላ መገጣጠሚያ ግን አያድስም። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት «ፍልውሃ ገብቻለሁ» ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

ትልቁ አደጋ ከገንዳው መነሣት ላይ ነው። በሙቀት የደም ሥር ስለሚሰፋ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌ ሰው በድንገት ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምና ይወድቃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የበለጠ ይጠንቀቁ። መጀመሪያ ውሃውን አጉድለው፣ ገንዳው ውስጥ ትንሽ አስቀምጠው፣ ደግፈው ያንሡ። ከ15 እና 20 ደቂቃ በላይ መዘፍዘፍ አያስፈልግም። የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ውሃውን ሌላ ሰው ይለካለት። ያልዳነ ቁስል ካለም ይቆይ።

ሌላው፣ ውሃው የመታጠቢያ ነው። «መድኃኒት ነው» ብለው በጠርሙስ የሚጠጡ ሰዎች አሉ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለ ፍል ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የሸለቆውን ሰዎች ጥርስ የሚያበላሸውም ይኸው ነው። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ይዘው ይሂዱ፣ ከወጡም በኋላ ይጠጡ። ፎጣ፣ ሳሙና፣ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማና ቅባት አይርሱ። ስትወጣ የምትለብሰው ጋቢም እንዲሁ፤ የአዲስ አበባ ነፋስ ከሙቅ ውሃ ለወጣ ሰው አይራራም። ከመሄድዎ በፊትም ደውለው ሥራ ላይ መሆኑን ይጠይቁ፣ እናትን ይዞ ከበር መመለስ ደስ አይልም።

አዲስ አበባ ለማይኖሩ አንባቢዎቻችን፣ አገሩ ፍል ውሃ አያጣም። ሶደሬ፣ ወንዶ ገነትና አምቦ የታወቁ ናቸው። ባሕር ዳር አካባቢ ካላችሁ ደራ ወረዳ ውስጥ ዋንዛዬ አለላችሁ፤ ከሩቅ አገር ድረስ ሰው ሕመሙን ይዞ የሚመጣበት ነው። ብቻ እነዚህ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ቀን ቆርጠው የሚሄዱባቸው ናቸው። የአዲስ አበባው ግን በታክሲ ሄደው ለምሳ ቤት የሚደርሱበት ነው።

እኛም ለምሳ ደረስን። እናቴ ታክሲው ውስጥ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሶላቷን ቆማ ሰገደች፤ ለሳምንታት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የምትሰግደው። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ተመልሶ ያዛት፤ ይህንንም አልደብቅዎትም።

አገሯ ከገባች ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወልኩላት። ጉልበትሽስ አልኳት።

«ጉልበቴማ ያው ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ሰው እንዳለ በሚያስታውቅ ሁኔታ፣ «እነዚህ ጎረቤቶቼ ስነግራቸው አላመኑኝም። አንዷ ግን ለመስከረም ልጇ ጋ ልትመጣ ነው። መቀርቀሪያው ይጠብቃል ወይ ብላ ጠይቂልኝ ብላኛለች» አለችኝ።